ተራራ የሌለው አገር እንዴት ይሣላል?

ሥዕል የሚወድ ተማሪ አንድ ቀን እርሳሱንና ወረቀቱን ይዞ ከቤት ይወጣና «ምን ልሣል?» ብሎ ዙሪያውን ይመለከታል። ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከፍ ብሎ በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ በተራራ፣ በገደል፣ በትልቅ ዋርካ፣ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ። ከፊቱ ያለው ሜዳ፣ ሜዳውም ውሃ ያቆረ ጨፌ ብቻ ቢሆን ግን «እዚህ ምንም የለም» ይልና ወረቀቱን ጠቅልሎ ይመለሳል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው የአባቶች ቃል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን «ምንም የሌለበት» አገር ሠዓሊዎች እንዴት እንደ ሣሉት፣ በመሣላቸውም ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ተረሳ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለችውን ፍሎሪዳን ነው። የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በቅድሚያ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሎሪዳ ከሐሩር ክልል ጥቂት ፈቀቅ ብላ የምትገኝ ዝቅተኛ አገር ናት። ከፍተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 105 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዝናቧ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከአፈሩ በታች ያለው የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ውስጡ ሲቦረቦር ላዩ ይሰምጥና ሰፋፊ ጎድጓዳ ሜዳ ይሆናል። በዝናብ ወራት ሜዳው ውሃ ይይዛል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በሁለቱም ጊዜ ሣር ይሸፍነዋል።

ከእነዚህ ሜዳዎች አንዱ ፔይንስ ፕሬሪ ይባላል። የሚገኘው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከጌንስቪል ከተማ በስተደቡብ ሲሆን፣ የተከለለው ቦታ ስፋት ወደ 8,500 ሔክታር ይጠጋል። የሜዳው ውሃ የሚወርደው አላችዋ በሚባል መስረጊያ ጉድጓድ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ይህ ጉድጓድ ተደፈነና ሜዳው ሐይቅ ሆነ፤ በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎችም ይመላለሱበት ጀመር። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ በ1891 ጉድጓዱ ተከፈተና ውሃው ሰርጎ ጠፋ። ጀልባዎቹ በጭቃ ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤ ሐይቁም ተመልሶ ጨፌ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሠዓሊው የሚማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በደጋ አገር የመሬቱን መልክ የሚለውጠው ከፍታ ነው፤ በጨፌ አገር ግን የሚለውጠው ውሃ ነው። በዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መሬት ዛፍ ያበቅላል፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ያለው ደግሞ ሸምበቆ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ጨፌም ተራራና ሸለቆ አለው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚለካው በሜትር ሳይሆን በስንዝር ስለ ሆነ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው አያየውም።

ይህን ሜዳ አስተውለው ከሣሉት ቀደምት ሰዎች ዋናው ዊልያም ባርትራም ነው። የተወለደው በ1739 በፊላደልፊያ አጠገብ ሲሆን አባቱ ጆን ባርትራም የታወቀ የዕፀዋት ተመራማሪ ነበር። ዊልያም ንግድ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እርሻም ሞክሮ አልቀናውም። በመጨረሻ ጆን ፎዘርጊል የተባለ የሎንዶን ሐኪም ገንዘብ ቆርጦለት፣ ዕፀዋት እየሰበሰበና ያየውን እየሣለ እንዲልክለት ወደ ደቡብ አሰማራው። በዚህ ጉዞው ነበር በ1774 ያን ጊዜ አላችዋ ሳቫና ይባል ከነበረው ከዚህ ጨፌ የደረሰው።

በጨፌው ዳር የሰሚኖል ሕዝብ ይኖር ነበር። አለቃቸው አሃያ የከብቱ ብዛት የታወቀ ስለ ነበረ እንግሊዞች «ከብት ጠባቂው» ይሉት ነበር። አሃያ የእንግዳውን ጉዳይ በሰማ ጊዜ «ፐክ ፐጊ» የሚል ስም አወጣለት። ትርጓሜውም «አበባ አዳኝ» ማለት ነው። በዚያ ዘመን ወደዚህ አገር የሚመጣው ነጭ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ወይም ቆዳ ፈላጊ ስለ ነበረ፣ አበባ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ሰው በእርግጥ የራሱ ስም ሊወጣለት ይገባ ነበር።

ባርትራም ጨፌውን የሣለበት ወረቀት ዛሬ በፊላደልፊያ በአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ዘንድ ይገኛል። ሥዕሉን የሚመለከት ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ምክንያቱም ግማሹ ሥዕል፣ ግማሹ ካርታ ነው። ሠዓሊው የሚቆምበት ኮረብታ በአካባቢው ሳይኖር ሜዳውን በሰማይ እንደሚበር ወፍ ከላይ ሆኖ አሳይቶታል። ይህን ያደረገው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። መሬት ላይ ቆሞ ቢሥለው የሚታየው አንድ የሣር መሥመርና አንድ የሰማይ መሥመር ብቻ ነው። እርሱ ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ማሳየት ፈለገ። ስለዚህ በእግሩ ዞሮ ያየውን በልቡ ከፍ ብሎ ሣለው።

ይሁን እንጂ ባርትራም ሁሉን በእርጋታ አላየም። በሴንት ጆንስ ወንዝ ያያቸውን የአሜሪካ አዞዎች ሲሥል ከአፍንጫቸው ጭስ የመሰለ ነገር እየወጣ፣ ጀርባቸው እንደ ዘንዶ ተጣጥፎ ይታያል። በ1791 የጉዞ መጽሐፉ ሲታተም ብዙ ሰዎች የተጋነነ ነው አሉ። በትንሽ ጀልባ ብቻውን ሆኖ በአዞ መንጋ የተከበበ ሰው እንደዚያ ቢያይ አይፈረድበትም። ለሠዓሊ ግን ትምህርት ነው፤ ፍርሃትም እንደ ንቀት ዓይንን ይጋርዳል።

አሁን ወደ ሥራው ዘዴ እንለፍ። ሜዳን የሚሥል ሰው በመጀመሪያ የሚወስነው አድማሱን የት እንደሚያሰምር ነው። በወረቀቱ ወገብ ላይ ካሰመረው ሥዕሉ ለሁለት የተቆረጠ እንጀራ ይመስላል። ዝቅ ካደረገው አብዛኛው ቦታ ለሰማይ ይሆናል፤ በፍሎሪዳ ክረምት ከቀትር በኋላ ደመናው እንደ ተራራ ስለሚቆለል፣ መሬቱ የነፈገውን ከፍታ ሰማዩ ይሰጠዋል። አድማሱን ከፍ ካደረገው ደግሞ ሣሩና ውሃው ዋና ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ የእያንዳንዱን የሣር ዓይነት ጠባይ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ርቀትን የማሳየት ጉዳይ ነው። ተራራ በሌለበት አገር ርቀትን የሚያሳዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እየተጠማዘዘ ሲሄድ የሚጠብ የውሃ መሥመር፣ እየራቀ ሲሄድ የሚያንስ የዛፍ ደሴትና እርጥበት ያለው አየር ናቸው። አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ የሩቁ ዛፍ አረንጓዴነቱን አጥቶ ሰማያዊና ደብዛዛ ይሆናል። የቅርቡ ሣር አንድ በአንድ ይሣላል፤ የሩቁ ግን በአንድ ሰፊ የቡርሽ ምት ይታለፋል። የሩቁን ሣር አንድ በአንድ የሚቆጥር ጀማሪ ጊዜውንም ሥዕሉንም ያበላሻል።

ሦስተኛው ቀለም ነው። «ሣር አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ ነው» የሚለው ከሕፃንነት የተማርነው ነገር በጨፌ አይሠራም። ሣሩ በበጋ ገለባ ይመስላል፤ እሳት ካለፈበት በኋላ ጥቁር ይሆንና በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ገና ለምለም ይሆናል። ውሃውም የራሱ ቀለም ጥቂት ነው። የቅጠልና የሥር ጭማቂ ስለሚቀላቀልበት በብዙ ቦታ ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ላዩ ደግሞ የሰማዩን ቀለም ይዋሳል። ስለዚህ ሰማዩን አስቀድሞ ያልሣለ ሰው ውሃውን ሊሥል አይችልም።

ይህን ዘዴ በትልቅ ሸራ ካሳዩት አንዱ ማርቲን ጆንሰን ሄድ ነው። ሄድ በ1819 የተወለደ ሲሆን በሰሜን ያሉትን የባሕር ዳር ረግረጎች ለብዙ ዓመት ሲሥል ኖሮ፣ በ1883 ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በፍሎሪዳ በሴንት አውጉስቲን ከተማ ተቀመጠ። የባቡር ሐዲድ ባለሀብት የነበረው ሄንሪ ፍላግለር በሆቴሉ ግቢ የሥራ ክፍል ሰጠው፤ ሥዕሎቹንም ገዛው። በ1887 የሣለው የፍሎሪዳ ፀሐይ መጥለቂያ ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት አለው። ሌላ ሠዓሊ በተራራ የሚሞላውን ቦታ እርሱ በብርሃን ሞላው።

እንስሳትን በተመለከተ አንድ ቀላል ነገር ግን ብዙዎች የሚስቱት ሕግ አለ፤ እንስሳው ብቻውን አይሣልም፤ ከቦታው ጋር ይሣላል። በሜዳው ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው ሳንድሂል ክሬን የምትባለው ግራጫ ወፍ ቁመቷ 1 ሜትር ከ20 ያህል ነው፤ አናቷ ላይ ቀይ ምልክት አላት። ከመቶ ሣር መካከል እርሷ ስትቆም የሜዳው ስፋት ወዲያው ይታወቃል። አዞው በተቃራኒው ይተኛል፤ ከውሃው በላይ የሚታየው ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ የሚቆሙ ወፎች ደግሞ በእግራቸው ርዝመት የውሃውን ጥልቀት ይነግሩናል። እግሯ አጭር የሆነች ወፍ በጥልቅ ውሃ መካከል ቆማ ከተሣለች፣ ላባዋ ምንም ቢያምር ሥዕሉ ውሸት ነው።

በ1831 እና በ1832 ፍሎሪዳን የጎበኘው የወፎች ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን ወፎቹን ተኩሶ ከገደለ በኋላ በሽቦ እየደገፈ ሕይወት እንዳላቸው አድርጎ ያቆማቸው ነበር። ሁሉንም በትክክለኛ መጠናቸው ለማውጣት ስለ ፈለገ፣ ረዥሙ ፍላሚንጎ በአንድ ሜትር ወረቀት አልበቃ ቢለው አንገቱን ወደ መሬት አጎንብሶ ሣለው። ዛሬ የሚደነቀው ያ አጎነባበስ እንግዲህ የመጣው ከወረቀት ማነስ ነው።

እኛም የምናውቃት አንዲት ወፍ በዚያ ሜዳ ትገኛለች። ከከብት ኋላ እየተከተለች አንበጣ የምትለቅመው ትንሿ ነጭ ሳቢሳ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከአፍሪካ ተነሥታ፣ አትላንቲክን ተሻግራ በደቡብ አሜሪካ ታየች፤ በ1953 ደግሞ በፍሎሪዳ ጎጆ ሠርታ ተገኘች። ስለዚህ የአሃያን ከብቶች የሚሥል የዛሬ ሠዓሊ በጎናቸው ይህችን ወፍ ቢያቆም ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተሳስቷል ማለት ነው። ሥዕል ቀን ሳይጻፍበት ቀኑን ይናገራል።

የወፎቹ ውበት ለራሳቸው ጠንቅ ሆኖባቸው እንደ ነበረም መዘንጋት አይገባም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሴቶች ባርኔጣ በነጭ ላባ ማስጌጥ ልማድ ስለ ሆነ አዳኞች በጎጆ ላይ ያሉትን ወፎች ሳይቀር ፈጁ። ሠዓሊው ሄድ በብዕር ስም ሆኖ ይህን ጭፍጨፋ በጋዜጣ ተቃወመ። በ1905 ጋይ ብራድሊ የተባለ የወፎች ጠባቂ በደቡብ ፍሎሪዳ በአዳኞች ተገደለ። ያየ ሰው ዝም ማለት እንደማይችል እነዚህ ሁለቱ ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ በብዕሩ፣ ሌላው በሕይወቱ።

አሁን ደግሞ ስማቸው ለብዙ ጊዜ ወዳልተነገረላቸው ሠዓሊዎች እንመጣለን። በ1950ዎቹ በፍሎሪዳ ምሥራቅ ባሕር ዳር በፎርት ፒርስ ከተማ የዘር ልዩነት ሕግ የጸና ነበር። ጥቁር ወጣት ትምህርቱን ሲጨርስ ከሚጠብቀው ሥራ ዋናው በሰው የብርቱካን እርሻ ላይ ለቀማ ነበር። በዚያው ከተማ ኤ. ኢ. ባከስ የተባለ ነጭ የገጠር ሥዕል ሠዓሊ ይኖር ነበር፤ የዘመኑ ልማድ ሳይገድበው የሥራ ቤቱን በር ለጥቁሮችም ክፍት አደረገ። ቀድሞ የሃይማኖት ሥዕል ይሥል የነበረው ሃሮልድ ኒውተን በእርሱ ምክር ወደ ገጠር ሥዕል ዞረ። አልፍሬድ ሄር የተባለው ወጣት ደግሞ ከባከስ ዘንድ ገብቶ ተማረ። ከእነዚህ ሁለቱ ሌሎች እየተማሩ በጠቅላላው ሃያ ስድስት ሆኑ፤ ከመካከላቸው አንዲቷ ሴት ሜሪ አን ካሮል ናት።

ሸራ ውድ ስለ ነበረ ለቤት ግድግዳ የሚውል ርካሽ ሰሌዳ እየገዙ፣ ነጭ ቀለም እየቀቡ ሣሉበት። ፍሬሙን የሠሩት ለበርና ለግድግዳ ጠርዝ ከሚሆን እንጨት ነበር። አልፍሬድ ሄር ብዙ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አቁሞ የሁሉንም ሰማይ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም የሁሉንም ውሃ፣ ከዚያ የሁሉንም ዛፍ እያደረገ በአንድ ቀን ብዙ ሥዕል ያወጣ ነበር። የሥዕል መሸጫ ቤቶች ስለማይቀበሏቸው ቀለሙ ገና ሳይደርቅ በመኪና ጭነው፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና የሐኪም ቤቶች እየዞሩ በ25 ዶላር ገደማ ሸጡ። በ1990ዎቹ «የአውራ ጎዳና ሰዎች» የሚል ስም የወጣላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ሄር ግን ይህን አላየም፤ በ1970 በ29 ዓመቱ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በ2004 ሃያ ስድስቱም በፍሎሪዳ የሥነ ጥበብ ሰዎች የክብር መዝገብ ገቡ፤ በ25 ዶላር የተሸጡት ሥዕሎችም ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ።

አንዳንዶች «ይህ ለገበያ በችኮላ የተሠራ ነው፤ ሁልጊዜ ያው ዘንባባ፣ ያው ቀይ ሰማይ፣ ያው ነጭ ወፍ ነው» ብለው ይነቅፋሉ። ነቀፋው ከፊሉ እውነት ነው። ግን አንድን ሜዳ ሺህ ጊዜ የሣለ እጅ ስለዚያ ሜዳ የሚያውቀው ነገር አለው። በችኮላ መሥራታቸውም የብርሃኑን ቶሎ መለዋወጥ ለመያዝ ጠቅሟቸዋል። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች በአብዛኞቹ ሰው የለም። ብርቱካን ለቃሚው የት ሄደ? ጸሐፊው እንደሚመስለው መልሱ ከገዢው ዘንድ ነው። ገዢው በግድግዳው ላይ ማየት የሚፈልገው ሰላማዊ ገነት እንጂ በዚያ ገነት የሚደክመውን ሰው አልነበረም። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው የዚያ ሕዝብ ልጆች ሲሆኑ፣ እንጀራቸውን ለማግኘት የራሳቸውን ወገን ከሥዕሉ አስወጡ።

ስለ ሰሚኖሎችም ያው ነው። ጨፌው ዛሬ የሚጠራበት ፔይን የሰሚኖል አለቃ ስም ነው። ሕዝቡ ግን ከ1817 እስከ 1858 በተደረጉት ጦርነቶች አብዛኛው ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ሩቅ ምዕራብ ተጋዘ። ስሙ ሲቀር ባለቤቱ ሄደ። እንግዲህ «ባዶ አገር» የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት ውሸት አለው ማለት ነው፤ አንዱ «ምንም የለበትም» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ማንም የለበትም» የሚለው ነው። ሥዕል የመጀመሪያውን ውሸት ሲያፈርስ ሁለተኛውን ሊያቆም ይችላልና መጠንቀቅ ይገባል።

ሥዕልና ጽሕፈት አገርን እንዴት እንደሚያድኑ ደግሞ የጨፌው የኋላ ታሪክ ያሳያል። በ20ኛው መቶ ዓመት ጨፌው የከብት እርባታ ሆኖ ውሃውን ለማባረር ቦይ ተቆፈረበት፤ ግድብም ተሠራበት። ደቡቡ ኤቨርግሌድስም እንዲሁ በቦይና በእርሻ ተቆራርጦ ከቀድሞው ስፋቱ ግማሽ ያህል ጠፍቷል። በ1970 የፍሎሪዳ መንግሥት ፔይንስ ፕሬሪን ገዝቶ ጥብቅ ቦታ አደረገው። ጠባቂዎቹም «ወደ ምን ዓይነት መልኩ እንመልሰው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ያገኙት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ባርትራም ከተወው መግለጫ ነው። ቦዮቹን እየደፈኑ ውሃውን መለሱ፤ በ1975 ደግሞ ቀድሞ በአካባቢው ይኖር የነበረውን ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ከሌላ ክፍለ ግዛት አምጥተው ለቀቁበት። በንግድም በእርሻም ያልቀናው ሰው፣ ሌሎች «ምንም የለበትም» ያሉትን ሜዳ በትዕግሥት ማየቱ ለሜዳው ምስክር ሆነለት።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ሠዓሊ እንሁን የሚል አይደለም። በዕረፍት ጊዜ ወደ ወላጆቻችን አገር ስንሄድ ሁላችንም «ረግረግ ነው፤ አይረባም» እየተባለ የሚታለፍ አንድ ቦታ እናውቃለን። አንድ ጠዋት እርሳስ ይዘን ከዳሩ እንቀመጥ። አድማሱን እናስምር፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እንከተል፤ ወፎቹን በእግራቸው ርዝመት እንለይ። ሲጨርሱ ግን አንድ ጥያቄ አይቅር፤ ሣር የሚያጭደው፣ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ውሃ የምትቀዳው የት አሉ? እነርሱም በወረቀቱ ላይ ይግቡ። ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም፤ እውነተኛ ከሆነ አንድ ቀን የሚጠይቀው ሰው ይመጣል።